ገለባ ለብሶ 500 ዓመት፦ የዳርትሙር የድንጋይ ቤት እንዴት ይሠራል?

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን በሚባለው ግዛት፣ ዳርትሙር የሚሉት ነፋሻ የግራናይት ደጋ አለ። በመካከሉ ባለችው ፕሪንስታውን በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባን እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ያውም እንደ ሐምሌ ዶፍ ወርዶ የሚያባራ አይደለም። ነፋስ እየገፋው ከጎን ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። በዚህ አገር ግድግዳቸው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ጣራቸው የስንዴ ገለባ፣ መሠረትም አሸንዳም የሌላቸው ቤቶች 500 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆመዋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶግራፋቸውን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ገለባ ነውና ያፈሳል» ይላል፤ አለዚያም «ግራናይት ነውና ምንም አይነካውም»። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በደንብ የተከደነ ገለባ አያፈስም፤ ግራናይቱ ደግሞ ራሱ ውኃ ባይጠጣም በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ይጠጣል። ቤቱ የቆየው ውኃን ዘግቶ ስላስቀረ ሳይሆን ጥቂቱን አስገብቶ መልሶ ስለሚያስወጣ ነው። የላስቲክ የዝናብ ልብስ ጠብታ አያሳልፍም፤ አንድ ቦታ ከተቀደደ ግን የገባው ውኃ ከለባሹ ላብ ጋር ውስጥ ይቀራል። የደጋ እረኛ በርኖስ ላዩ ይረጥባል፣ ገላ ሳይደርስ ያቆመዋል፣ ነፋስ ሲያገኝ ይደርቃል። ይህ ቤት በርኖስ ነው። የጣራው ቁልቁለትም ሆነ ሲሚንቶ የሚያመጣው ጣጣ የሚገባን ይህን ከያዝን ነው።

ሎንግሃውስ ምን ዓይነት ቤት ነው?

የዳርትሙር ነባር የገበሬ ቤት «ሎንግሃውስ» ይባላል፤ «ረጅም ቤት» እንደ ማለት። ወርዱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ከውስጥ 4 ወይም 5 ሜትር ቢሆን ነው። ርዝመቱ ግን ከ15 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የሚሠራው ተዳፋቱን ተከትሎ፣ አንዱ ጫፍ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ሆኖ ነው። መካከሉ ላይ ቤቱን ከፊት ወደ ኋላ የሚያቋርጥ መተላለፊያ አለ። በድሮው አሠራር ሰውም ከብትም በአንድ በር ይገቡ ነበር፤ ሰው ወደ ላይኛው ወገን ይታጠፋል፣ ከብት ወደ ታችኛው። የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ጋጣው፣ በአካባቢው አነጋገር «ሺፖን» ነው።

ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር ማደሩ ለኢትዮጵያ ደገኛ እንግዳ አይሆንበትም። እዚህ ልብ የሚባለው ጋጣው ሁልጊዜ በቁልቁለቱ በኩል መሆኑ ነው። ወለሉ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ በመካከሉ በርዝመቱ የሚሄድ ቦይ አለ፤ ቦዩ በመጨረሻው ግድግዳ እግር ባለች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ሽንቱና እጣቢው በራሱ ይወርዳል፣ ወደ ሰው ወገን የሚመለስበት መንገድ የለውም። ፓውንድስጌት አጠገብ ያለው ሃየር አፓኮት፣ የዳርትሙር ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር የገዛው ቤት፣ ጋጣው ሳይለወጥ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። የአብዛኞቹ ጋጣ ዛሬ ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ሆኗል። የቆየውን አሠራር ገላልጦ ማየት የሚሻ ደግሞ ከሃውንድ ቶር አለት ሥር ወደሚገኘው የመካከለኛው ዘመን መንደር ይሄዳል። በ1960ዎቹ ተቆፍሮ የወጣ ፍርስራሽ ነው፤ ጣራ የለውም፣ ግን በሩና መተላለፊያው፣ ጋጣውም በግድግዳ እግር ተለይተው ይታያሉ።

ግድግዳው በምን ተሠራ? መሠረት ከሌለውስ ምን አቆመው?

ድንጋዩ ከካባ የወጣ አይደለም። ሜዳው ላይ ተበትኖ የተገኘ ግራናይት ነው፤ «ሙርስቶን» ይሉታል። ትልልቁን ለመሰንጠቅ እስከ 1800 አካባቢ ድረስ በድንጋዩ ላይ ጠባብ ጎድጓዳ መስመር እየቆረጡ ሽብልቅ ይመቱበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ ክብ ቀዳዳ መብሳት መጣ። ስለዚህ የበር መቃን ወይም የአጥር ዓምድ ጠርዝ ላይ ጣት የሚያህሉ ግማሽ ክብ ቦዮች በሰልፍ ከታዩ ድንጋዩ የተሰነጠቀው ከ1800 ወዲህ ነው። ዕድሜን በዓይን ለመገመት ከዚህ የቀለለ ምልክት የለም።

ግድግዳው ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። እንደ አንድ ቢታይም ሁለት ነው፦ የውጭ ፊትና የውስጥ ፊት ለየብቻ ተደርድረው መካከላቸው በጠጠርና በጭቃ ተሞልቷል። ሁለቱ እንዳይለያዩ እዚህም እዚያም ረጃጅም ድንጋይ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ዘልቆ ያስራቸዋል። ማያያዣው ከዚያው የተቆፈረ አሸዋማ አፈር ነው። ደጋው ላይ የኖራ ድንጋይ የለም፤ ኖራ ከቆላው፣ ባክፋስትሊን ከመሰሉ ቦታዎች እየመጣ ውድ ስለነበር ለውጭ መገጣጠሚያና ለልስን ብቻ ይቆጠባል።

መሠረት የለውም ሲባል የላዩ አፈር ተጠርጎ ትልልቆቹ ድንጋዮች በጠንካራው አፈር ላይ ተቀመጡ ማለት ነው፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የተቆፈረበት እምብዛም ነው። መሬቱ በክረምትና በበጋ ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይሟሽሻል። በጭቃና በኖራ የተያያዘ ግድግዳ ያችን እንቅስቃሴ በየመገጣጠሚያው ተካፍሎ ይቀበላታል፣ ሳይሰነጠቅ።

ወለሉም በዚሁ ደንብ ይሄዳል፦ የተደለደለ አፈር ወይም አፈር ላይ የተነጠፈ ድንጋይ። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት በሰፊው ወለል በቀስታ ይተናል። አዲስ ባለቤት ላስቲክ አንጥፎ ኮንክሪት ሲያፈስበት እርጥበቱ መውጫ ፍለጋ ወደ ግድግዳው እግር ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ መፈርፈር ይጀምራል፣ ጥፋቱም በግድግዳው ይሳበባል።

ጣራውን የተሸከመው ምንድን ነው?

ጎበጥ ያለ የኦክ ግንድ ቁመቱን ለሁለት ይሰነጠቅና ሁለቱ ግማሾች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ለጸሎት እንደ ገጠሙ እጆች አናታቸው ላይ ይገናኛሉ። ይህ ጥንድ «ክረክ» ይባላል። በዴቨን እግሩ ብዙ ጊዜ ከመሬት ሳይሆን ከግድግዳው ወገብ ይነሣል። በክረኮቹ ላይ አግዳሚዎች፣ በአግዳሚዎቹ ላይ ወራጆች፣ በወራጆቹ ላይ ቀጫጭን ማገሮች ይመጣሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን በካሬ ሜትር ወደ 35 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን ወራጁ ያልተላገ፣ ጠማማ እንጨት ቢሆንም ይበቃል።

ገለባ ዝናብን እንዴት ይችላል?

መጀመሪያ ስለ ስሙ። በእንግሊዝ ሦስት ዓይነት ክዳን አለ። አንደኛው የረግረግ ሸምበቆ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ያለችው ኖርፎክ የምትታወቅበት ይህ ነው። ሁለተኛው ሥሩና ራሱ ሳይለይ የሚደረደር ረጅም ገለባ ነው። ሦስተኛው፣ የዴቨኑ፣ «የተበጠረ የስንዴ ሸምበቆ» ይባላል፤ ሸምበቆ ግን አይደለም፣ የስንዴ አገዳ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ማንኛውም ስንዴ ለዚህ አይሆንም። የዛሬው ዘር አጭር ነው፤ ኮምባይነሩ አገዳውን ያደቀዋል፤ ብዙ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ የጠጣ አገዳ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለክዳን ብለው እንደ ማሪስ ዊጅን ያለውን ረጅም ዘር የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ። ትንሽ አረንጓዴ ሳለ በቆየ የማጨጃ መኪና ይታጨዳል፣ በነዶ ታስሮ ማሳው ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ቅጠሉንና እህሉን በሚያበጥር መኪና ያልፋል። የሚቀረው ያልተሰበረ፣ ሥሩ በአንድ ወገን የተስተካከለ ቀጥ ያለ አገዳ ነው።

ክዳን ሠሪው ከጣራው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ነዶውን ሥሩን ወደ ታች አድርጎ ያስተኛል፣ በላዩ ቀጭን እንጨት አግድም ያጋድማል፣ ከዚያ በ«ስፓር» ይወጋዋል። ስፓር ቀላል ነገር ነው፣ ግን መላው ክዳን የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ሄዝል የተባለ ቁጥቋጦ በትር ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም ጫፍ ይሾላል፤ መካከሉ ላይ ሳይሰበር እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይታጠፋል፣ የፀጉር ማስያዣ ሽቦ ይመስላል። የተጠመዘዘው ቃጫ ለመዘርጋት ስለሚታገል ሁለቱ እግሮች ገለባው ውስጥ ተወጥረው ይይዛሉ። ሲወጋ ጫፉ ወደ ላይ ማየት አለበት። ወደ ታች ካየ ውኃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ቤት ይገባል፤ የጀማሪ ክዳን ሠሪ ጣራ ከሚያፈስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በመጨረሻም «ሌጌት» በተባለ ባለ ሰሌዳ መሣሪያ የአገዳዎቹን ሥር ወደ ላይ እየመታ ፊቱን ያስተካክላል።

ሲያልቅ ከውጭ የሚታየው የሺህ ሺህ አገዳዎች ጫፍ ነው። ጠብታዋ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለች ትወርዳለች፤ ክዳኑ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም የሚረጥበው የላዩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ የሚሆነው ግን ጣራው ቁልቁል ከሆነ ብቻ ነው። ልኩ ወደ 50 ዲግሪ ነው፣ ከ45 በታች መውረድ የለበትም። ምክንያቱ በቀላሉ አይታይም፦ አገዳዎቹ ተደራርበው ስለሚተኙ የእያንዳንዱ አገዳ ቁልቁለት ከጣራው ያነሰ ነው። ጣራው ዘንበል ብቻ ካለ አገዳው ጠፍጣፋ ሊሆን ይቃረባል፤ ውኃውም ይዘገያል፣ ይሰርጋል፣ ያበሰብሳል።

ታች ላይ ክዳኑ ከግድግዳው 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። አሸንዳ የማይገጠመው ለዚህ ነው፤ ጠፈጠፉ ከግድግዳው ርቆ ይወድቃል፣ የሚወድቅበት መስመር በጠጠር ይሞላል።

ከሥር ያለው ጥቁር ገለባ ምንድን ነው?

በመካከለኛው ዘመን ቤቱ ጭስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ የሚነደው በትልቁ ክፍል መካከል መሬት ላይ ነበር፤ ጭሱ ተነሥቶ በገለባው መካከል ይወጣል። ወራጁንም የገለባውን ሆድም ጥቀርሻ አለበሰው። የድንጋይ ምድጃና ጭስ ማውጫ የተጨመረው በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ቀጥሎ በትልቁ ክፍል ላይ ፎቅ ተሠራና ጥቁሩ ገለባ ጣራው ሥር ተደብቆ ቀረ።

ያልተነሣበት ምክንያት የሥራው ልማድ ነው። ክዳን ሲያረጅ ሁሉንም አይገፉትም፤ የበሰበሰውን ላዩን ብቻ አንሥተው በደህናው ላይ አዲስ ንብብር ይወጋሉ። ስለዚህ አንዳንዱ ጣራ ከአንድ ሜትር በላይ ወፍሯል፣ የታችኛው ንብብርም ቤቱ ሲሠራ የተከደነው ራሱ ነው። ዴቨን ውስጥ በ1400ዎቹ የታጨደ ገለባ ከነራሱ፣ ከነአረሙ ተገኝቷል። ለዕፅዋት ተመራማሪ ሀብት ነው፦ የዛሬው አንድ ወጥ ዘር ሳይመጣ አንድ ማሳ ላይ ምን ምን ተደባልቆ ይበቅል እንደነበር ያሳያል። ከተገኙት አንዱ ሪቬት የተባለው ስንዴ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ለሚዘራው የዱረም ስንዴ የቅርብ ዘመድ ይሆናል።

ስንት ዓመት ይቆያል? ምንስ ያበላሸዋል?

የስንዴው ክዳን ከ25 እስከ 35 ዓመት፣ ረጅሙ ገለባ ከ15 እስከ 25፣ የረግረግ ሸምበቆ ከ40 እስከ 60 ይቆያል። እንደ ዳርትሙር ባለ ዝናባም ቦታ የታችኛውን ቁጥር መያዝ ይሻላል። የጣራው አናት ግን ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ነፋስ ስለሚችል በየ10 እና 15 ዓመቱ ለብቻው ይታደሳል። ክዳኑ ማለቁ የሚታወቀው አግድሞቹ እንጨቶችና የስፓሩ ጀርባ ላዩ ላይ ብቅ ሲሉ ነው። እንጨቶቹ ወደ ላይ አልመጡም፤ የሸፈናቸው ገለባ ነው ተበልቶ ያለቀው።

ቀድሞ የሚያረጀው ፀሐይ የማያገኘው የሰሜን ወገን፣ ሁለት ጣራ የሚገናኝበት ሸለቆ እና ዛፍ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ዛፉን መቁረጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከውስጥ ይመጣል፦ ቤቱ እንዲሞቅ ብለው ከክዳኑ ሥር ላስቲክ የሚወጥሩ ወይም ፎም የሚረጩ አሉ። የቤቱ እንፋሎት እዚያ ይታፈንና ገለባው ከሆዱ መበስበስ ይጀምራል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ገና አዲስ ነው።

ሲሚንቶ ይህን ቤት ለምን ይጎዳዋል?

ፖርትላንድ ሲሚንቶ ፓተንት ያገኘው በ1824 ነው፤ የመንደር ቤት ጥገና ላይ በብዛት የደረሰው ግን በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ያደሱት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ጠንካራ ነገር ይሻላል አሉ። ችግሩ ጥንካሬው ነው። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው አብሮ አይሄድም፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ፀጉር በምታህል መስመር ይላቀቃል። ያች መስመር ዝናብ ትመጥጣለች። የገባው ውኃ በኖራ መገጣጠሚያ በኩል ይተን ነበር፤ አሁን መውጫው ተዘጋ። መካከሉ ያለው ጭቃ ይርሳል፣ ወደ ታች ይሟሽሻል፣ የውጩ ፊት እንደ ቁርበት ይነፋል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የክረኩ እግርም ይበሰብሳል።

ግራናይት ራሱ ይህን ይችለዋል። ለስላሳ ድንጋይ አይችለውም፦ የሱመርሴቷ ሃም ሂል ማር የመሰለ ድንጋይ ወይም የኦክስፎርድሺሯ ግሬት ቲው ቡናማ ድንጋይ በሲሚንቶ ሲያያዝ እርጥበቱና ጨው የሚወጡት በድንጋዩ ፊት ስለሚሆን ድንጋዩ ይፈረፈራል፣ ሲሚንቶው እንደ ባዶ የሥዕል ክፈፍ ተገትሮ ይቀራል። ጎንደርም ይህን ታውቀዋለች፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በግንቦቹ ላይ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ኋላ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል።

በኖራ መልሶ መሙላት እንዲህ ነው። ሲሚንቶው በመሮና በመዶሻ ይነሣል፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ከተሞከረ ድንጋዩ ይቆረጣል። ጥልቀቱ የመገጣጠሚያውን ስፋት እጥፍ፣ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትቢያው ተጠርጎ ድንጋዩ ውኃ ይጠጣል፤ ደረቅ ከሆነ የኖራውን ውኃ መጥጦ ያደርቅበታል፣ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ድብልቁ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ነው፣ ውኃው ጥቂት ይሁን። ሰፊው ክፍተት በኖራ ብቻ አይሞላም፣ ትንንሽ ድንጋይ ይሸጎጥበታል። ጥፍር ሲጫኑት የማይጎደጉድ ሲሆን በጠንካራ ብሩሽ ይደበደባል። ከዚያ ለሳምንት ያህል እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነውና ጊዜ ይፈልጋል። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሥራው አይጀመርም፤ ውርጭ ያልደረቀ ኖራን በአንድ ሌሊት ያፈርሰዋል።

ባለቤቱ እንደ ልቡ ማደስ ይችላል?

አይችልም። አብዛኞቹ እነዚህ ቤቶች በታሪካዊ ሕንፃነት ተመዝግበዋል፤ ሦስት ደረጃ አለ። በ1990 የወጣው ሕግ የቤቱን ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራትን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስር ሊደርስ ይችላል። ጥቁሩን ገለባ አውጥቶ መጣልም እዚህ ውስጥ ይገባል።

እሳትስ?

ለንደን አዲስ የገለባ ክዳን የከለከለችው በ1212 ነው፤ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ በከተማዋ የመጀመሪያው ገለባ ለበስ ጣራ በ1997 የተከፈተው የግሎብ ቴአትር ነው፣ እሱም ከነውኃ መርጫው።

በገጠር ቤት እሳቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከጭስ ማውጫው ነው። የእንጨት ምድጃ በብርቱ ሲነድ ፍንጣሪ ወደ ላይ ይተኩሳል፤ ጭስ ማውጫው አጭር ከሆነ ክዳኑ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አፉ ከክዳኑ ቢያንስ 1.8 ሜትር ከፍ ይበል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠረግ፣ የወፍ ጎጆ ይነሣ፣ እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ይሁን። ወረቀትና ካርቶን አይነደድበት፤ ነበልባል ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ክዳኑ በየጊዜው ሲወፍር ጭስ ማውጫው እያጠረ እንደሚሄድም ብዙ ባለቤት አያስተውልም።

ከተያያዘ በኋላ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ከባድ ነው። ክዳኑ ውኃ እንዲያንሸራትት የተሠራ ነውና የቱቦው ውኃም ይንሸራተታል፤ እሳቱ ከሥር እየጨሰ ይሄዳል። የሚያዋጣው ከእሳቱ ቀድሞ ጣራውን ከአናቱ እስከ ጠርዙ መቁረጥና ገለባውን በመንጠቆ እየጎተቱ መሬት ላይ ማውረድ ነው።